ደንቡ ያስቀረው እግረኛ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የአሽከርካሪ አልባ መኪና ውድድሮች ሲዳሰሱ

የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ያለ ሹፌር የሚሄዱ መኪኖችን ሠርተው በአደባባይ የሚወዳደሩባቸው መድረኮች ከሠላሳ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ሲሆን፣ በእነዚህ ዓመታት ስለ አሸናፊዎቹ ብዙ የተባለውን ያህል ውድድሮቹ በትክክል ምን እንደሚለኩ አልተጠየቀም። አንድ መኪና የተሰጠውን መንገድ በሰላም መጨረሱ የመኪናውን ብስለት ያሳያል ወይስ መንገዱ ቀድሞ ለመኪናው እንዲመች ሆኖ መሰናዳቱን? ይህ ዳሰሳ ከሞሃቪ በረሃ እስከ አቡ ዳቢ የተካሄዱትን ዋና ዋና ውድድሮች የሚመለከተው በዚህ ጥያቄ በኩል ነው። መነሻ አቋሙም የውድድሩን ፍሬ ከመኪናው ይልቅ የመተዳደሪያ ደንቡ ይወስነዋል፣ ደንቡ ከመንገዱ ላይ ያነሣውን ነገር ደግሞ ተማሪው ሳይማረው ይመረቃል የሚል ነው። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሽከርካሪ አልባ መኪና ሲባል መሪውን፣ ፍሬኑንና የኃይል መስጫውን ኮምፒውተር የሚያዝበት ተሽከርካሪ ማለት ነው። እንዲህ ያለ መኪና ከሁሉ በፊት ማየት ይኖርበታል፤ ካሜራ ቀለምና ቅርጽ ይለያል፣ ራዳር የሚንቀሳቀስን አካል ፍጥነት ይለካል፣ ላይዳር የተባለው መሣሪያ ደግሞ የሌዘር ጨረር እየላከ ጨረሩ ነጥሮ እስኪመለስ ከሚወስደው ጊዜ ርቀትን ያሰላል። ማየት ብቻውን ግን አይበቃም። መኪናው ያለበትን ቦታ ማወቅ አለበት፤ ጂፒኤስ ብቻውን በሜትሮች ሊሳሳት ስለሚችል ከጎማው መሽከርከርና ከእንቅስቃሴ መለኪያዎች ከሚገኘው መረጃ ጋር እየተመዛዘነ ይታረማል፣ ለዚህም ተማሪዎች ዘወትር የሚጠቀሙበት ስሌት ሩዶልፍ ካልማን በ1960 ያሳተመው በስሙ የሚጠራ ማጣሪያ ነው። ካርታ በሌለበት ቦታ ደግሞ መኪናው እየሄደ ካርታውን ራሱ ይሠራል፣ በሚሠራው ካርታ ላይም ያለበትን ነጥብ ይፈልጋል፤ ይህ ጣምራ ሥራ በሙያው ቋንቋ «ስላም» ይባላል፣ አጠራሩ ከአማርኛው «ሰላም» ጋር ቢቀራረብም ከእንግሊዝኛ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት የተገኘ ነው። ከዚህ በኋላ የሚሄድበትን መስመር መምረጥና መስመሩን ሳይለቅ መሪውንና ፍጥነቱን መቆጣጠር ይቀራል። እያንዳንዱ ክፍል ለብቻው ሲፈተሽ ብዙውን ጊዜ ይሠራል፤ ቡድኖችን የሚያስለቅሳቸው ክፍሎቹ የሚጋጠሙበት ቦታ ነው።

ውድድሮቹ ከመምጣታቸው በፊት ጉዳዩ የጥቂት ቤተ ሙከራዎች ብቻ ነበር። በሙኒክ የጀርመን ጦር ዩኒቨርሲቲ ኤርንስት ዲክማንስ በ1980ዎቹ በካሜራ የምትመራ የመርሴዲስ የጭነት መኪና ሠርቶ በ1987 ባዶ በተደረገ አውራ ጎዳና ላይ በሰዓት 96 ኪሎ ሜትር አስኬዳት፤ በአሜሪካ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1995 «ናቭላብ 5» የተባለችውን መኪና ከፒትስበርግ እስከ ሳን ዲዬጎ ሲያጓጉዙ ከጉዞው 98 በመቶ ያህሉን መሪዋን የያዘው ኮምፒውተር ነበር፣ ፍሬንና ነዳጅ ግን በሰው እግር ሥር ነበሩ። በ1993 በሚሺጋን ግዛት የተጀመረውና መቀመጫውን ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ያደረገው የምድር ተሽከርካሪዎች ውድድርም ተማሪዎች ሣር ላይ በተሰመረ መስመር መሰናክል እያለፉ የሚሄዱ ትንንሽ ተሽከርካሪዎችን የሚያቀርቡበት፣ ከመምህራንና ከተሳታፊዎች ውጭ ብዙም ያልታወቀ መድረክ ሆኖ ቆይቷል።

ነገሩን የለወጠው ጦር ሠራዊቱ ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ለ2001 የበጀት ዓመት ባጸደቀው የመከላከያ ሕግ እስከ 2015 ድረስ ከምድር ተዋጊ ተሽከርካሪዎች አንድ ሦስተኛው ያለ ሰው እንዲንቀሳቀሱ ግብ አስቀመጠ፤ የመከላከያ ሚኒስቴሩ የምርምር ተቋም ዳርፓም ከተለመደው የጥናት ውል ይልቅ 1 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት አስይዞ ማንም እንዲወዳደር ጋበዘ። ማርች 13 ቀን 2004 በካሊፎርኒያ ከባርስቶው ተነሥቶ ወደ ኔቫዳ ድንበር በሚወስደው 142 ማይል ማለትም 229 ኪሎ ሜትር ገደማ የበረሃ መንገድ ላይ 15 ተሽከርካሪዎች ለመነሻ ደረሱ፤ የጨረሰ አልነበረም። ከሁሉም የራቀችው የካርኔጊ ሜለን «ሳንድስቶርም» 7.32 ማይል ተጉዛ በአንድ ጠማማ መታጠፊያ ዳር ተንጠልጥላ ቀረች። የመንገዱ ዝርዝር ለቡድኖቹ የተሰጠው ከመነሻው 2 ሰዓት በፊት ሲሆን፣ የካርኔጊ ሜለን ቡድን በእነዚያ 2 ሰዓታት ውስጥ ብዙ ሰዎችን አሰልፎ የአየር ላይ ምስሎችን እያየ መንገዱን በእጅ ያቃና ነበር። ይህ ከደንቡ ጋር አይጋጭም፤ ሆኖም መኪናው በራሱ ያወቀውና ሰዎች ቀድመው የነገሩት የት ላይ እንደሚለያዩ ያስጠይቃል፣ ጥያቄውም እስከ ዛሬ ድረስ ከውድድር ወደ ውድድር እየተንከባለለ ደርሷል።

በኦክቶበር 8 ቀን 2005 ሽልማቱ ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር አድጎ 23 ተሽከርካሪዎች 132 ማይል (212 ኪሎ ሜትር) ለመጓዝ ሲወጡ ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ያለፈውን ዓመት ርቀት አሻሻሉ፣ አምስቱም መድረሻውን ረገጡ። አንደኛ የወጣችው በሴባስቲያን ትሩን የሚመራው የስታንፎርድ ቡድን «ስታንሊ» ስትሆን የወሰደባት 6 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ነው። የስታንሊ ብልጠት ከሞተሯ ይልቅ ከእይታዋ የመጣ ነበር። በጣሪያዋ ላይ የተተከሉት ሌዘሮች መሬቱን በእርግጠኝነት የሚያነቡት እስከ 25 ሜትር ገደማ ብቻ በመሆኑ በእነርሱ ብቻ ተማምኖ መፍጠን አይቻልም ነበር፤ ስለዚህ ሶፍትዌሩ ሌዘሩ «ይህ የሚሄዱበት መሬት ነው» ያለውን የቅርብ መሬት ቀለም ካሜራው እንዲማረው እያደረገ፣ ያንኑ ቀለም በሩቅ ሲያይ መንገዱ ክፍት መሆኑን ይገምታል። መኪናዋ በየደቂቃው አዲስ መሬት በገጠማት ቁጥር እንደገና ትማራለች። ማሽን ለርኒንግ የሚባለው፣ ኮምፒውተር ሕግ ተጽፎለት ሳይሆን ከምሳሌ እየተማረ የሚሠራበት ዘዴ፣ በሕዝብ ፊት ጥቅሙን ካስመሰከረባቸው ዕለታት አንዱ ይህ ነው። በዚያው ቀን ሲመራ የነበረው የካርኔጊ ሜለን «ሃይላንደር» ሞተሩ አቀበት ላይ ኃይል እያጣ ሦስተኛ ሆኖ ሲገባ ምክንያቱን ያወቀ አልነበረም፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ጥፋቱ ከሞተሩ መቆጣጠሪያ ጋር የተያያዘ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ማጣሪያ ላይ ተገኘ። ሁለት ሚሊዮን ዶላር በእንዲህ ያለ ዕቃ ምክንያት ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው ሊያልፍ ይችላል።

ከጨረሱት መካከል ባትሆንም ለዚህ ዳሰሳ ይበልጥ የምትጠቅመው የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሠሯት «ፕሮስፔክት ኢለቨን» ናት። ተማሪዎቹ ውድ ላይዳሮችን ትተው በሁለት ዐይኑ ርቀትን በሚገምት ካሜራ ብቻ ተማምነው ወደ ፍጻሜው ዙር መድረሳቸው በራሱ ያስደንቃል። መኪናዋ ከ9 ማይል ጥቂት እንዳለፈች ቆመች። በኋላ ሲመረመር ሶፍትዌሩ መኪናዋ አልፋቸው የሄደቻቸውን መሰናክሎች ከዝርዝሩ ቢሰርዝም ሌላ የፕሮግራሙ ክፍል ሳይታወቅ ይዟቸው ስለቀረ የኮምፒውተሩ ማኅደረ ትውስታ እየሞላ ማሰቡ እየዘገየ ሄዶ ነበር፤ በሙያው ሰዎች ዘንድ የማኅደረ ትውስታ መፍሰስ የሚባለው ስህተት ነው። ቀደም ብላ ያለፈችውን ቁጥቋጦ መርሳት ያቃታት መኪና ነበረች ማለት ነው። ስህተቱ በአጭር ሙከራ አይታይም፤ የሚገለጠው መኪናው ለረጅም ሰዓት ሲሄድ ብቻ በመሆኑ፣ ተማሪዎቹ የጎደላቸው ዕውቀት ሳይሆን ረጅም የሙከራ ቀን ነበር ለማለት ያስደፍራል።

ሦስተኛው የዳርፓ ውድድር ኖቬምበር 3 ቀን 2007 በካሊፎርኒያ ቪክተርቪል በተዘጋ የአየር ኃይል ሰፈር ውስጥ ሲካሄድ መኪኖቹ በከተማ መንገድ ላይ የካሊፎርኒያን የትራፊክ ሕግ አክብረው፣ እርስ በርሳቸውና በሙያተኛ ሹፌሮች ከሚነዱ ሌሎች መኪኖች ጋር ቅድሚያ እየተሰጣጡ 60 ማይል ያህል በ6 ሰዓት ውስጥ እንዲጓዙ ተጠየቁ። ከ11 የፍጻሜ ተወዳዳሪዎች ስድስቱ ጨረሱ፤ የካርኔጊ ሜለን «ቦስ» አንደኛ፣ የስታንፎርድ «ጁኒየር» ሁለተኛ፣ የቨርጂኒያ ቴክ «ኦዲን» ሦስተኛ ወጡ። ቦስ መነሻው ላይ ጂፒኤስዋ ተረብሾ ቆማ ነበር፣ ምክንያቱም በአጠገቧ ለተመልካች የተተከለ ግዙፍ የቴሌቪዥን ስክሪን ነበር። የኤም አይ ቲና የኮርኔል መኪኖች ደግሞ በቀስታ ተጋጩ፤ በአደባባይ የተመዘገበ የሁለት አሽከርካሪ አልባ መኪኖች ግጭት ሲኖር ይህ የመጀመሪያው ነው። አንደኛዋ ሌላኛዋን እንደ ቆመ ዕቃ ቆጥራት ነበር፣ ሌላኛዋም በተራዋ እየተንቀሳቀሰች ያለችበትን ምክንያት ለመግለጽ መንገድ አልነበራትም፤ ሁለት ሹፌሮች በዐይን የሚግባቡትን ነገር ደንቡ አላሰበበትም።

በዚህ ከተማ ውስጥ ግን ሁለት ነገሮች አልነበሩም፦ የትራፊክ መብራትና እግረኛ። አዘጋጆቹ ይህን ያደረጉት በቂ ምክንያት ኖሯቸው ነው፤ ሕያው ሰውን በሙከራ ላይ ባለ ማሽን ፊት ማቆም ወንጀል ይሆን ነበር። ችግሩ የመጣው ከውድድሩ በኋላ ነው። ጉግል በ2009 በትሩን መሪነት ፕሮጀክቱን ሲጀምር የዳርፓ ተወዳዳሪዎችን ሰበሰበ፣ የካርኔጊ ሜለን ቴክኒክ መሪ የነበረው ክሪስ ኧርምሰን እዚያው ከሠራ በኋላ በ2017 ኦሮራ የተባለውን ኩባንያ ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኖ አቋቋመ፣ ዴቪድ ሆል በዳርፓ ውድድር ለራሱ የሠራው የሚሽከረከር ላይዳርም ቬሎዳይን በተባለው ኩባንያው ስም የዘርፉ መሣሪያ ሆነ። ስለዚህ የተማሪዎቹ ውድድር በኢንዱስትሪው ላይ ያደረገው ተጽዕኖ የማይካድ ሲሆን፣ ውድድሩ ያላነሣው ጥያቄም አብሮ ተሻግሮ ሊሆን ይችላል። በማርች 2018 በአሪዞና ቴምፒ የኡበር የሙከራ መኪና ብስክሌት እየገፋች መንገድ ታቋርጥ የነበረችን ሴት ገጭቶ ገደለ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ባወጣው ምርመራ መኪናው ከግጭቱ 5.6 ሴኮንድ በፊት አይቷት እንደነበር፣ ነገር ግን አንዴ መኪና፣ አንዴ ብስክሌት፣ አንዴ ያልታወቀ ዕቃ እያለ በመደባት ቁጥር የቀደመ እንቅስቃሴዋን እየጣለ እንደ አዲስ ይጀምር እንደነበር፣ ሥርዓቱም ከማቋረጫ ውጭ የሚሻገር እግረኛን ታሳቢ አድርጎ እንዳልተሠራ ተገልጧል። የፕሪንስተኗ መኪና መርሳት አቅቷት ቆማ ነበር፤ ይህኛው ደግሞ መርሳት ያለበትን ሳይሆን ማስታወስ ያለበትን ረሳ። ይህን የተማሪዎች ውድድር ጥፋት ማድረግ አይገባም፣ የኩባንያው ውሳኔዎችና መሪው ላይ የተቀመጠችው ተቆጣጣሪ ትኩረት ማጣት የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው፤ የሚገርመው ግን ከ10 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ከደንቡ የወጣው እግረኛ ተመልሶ የመጣበት ሁኔታ ነው።

ከዳርፓ በኋላ የተማሪዎች ውድድር አቅጣጫ ተለወጠ፤ ኩባንያዎች በቢሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ ይዘው ሲገቡ ዩኒቨርሲቲው በምርምር ውጤት ሊወዳደራቸው እንደማይችል ታየ፣ መድረኩም መሐንዲስ ማሠልጠኛ ሆነ። የዚህ ዘመን ጎልቶ የሚታየው ውድድር የፎርሙላ ስቱደንት አሽከርካሪ አልባ ክፍል ነው። መሠረቱ ተማሪዎች ባለ አንድ ወንበር የእሽቅድምድም መኪና ነድፈው የሚሠሩበት፣ በ1981 በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ፎርሙላ ኤስ ኤ ኢ ሲሆን፣ በጀርመን ሆክንሃይም የሚካሄደው ዘርፉ በ2017 አሽከርካሪ አልባ መኪናን አካተተ። መንገዱ የሚታወቀው በትራፊክ ኮን ብቻ ነው፤ ሰማያዊ በግራ፣ ቢጫ በቀኝ፣ ትልልቅ ብርቱካናማ ኮኖች ደግሞ በመነሻና በመድረሻ። መኪኖቹ ቀጥታ መስመር ላይ ይፈጥናሉ፣ የስምንት ቁጥር ቅርጽ ባለው መንገድ ላይ ይዞራሉ፣ በዋናው ፈተና ደግሞ ከዚያ በፊት አይተውት በማያውቁት መንገድ 10 ዙር ይሮጣሉ። የመጀመሪያውን ውድድር ያሸነፈው የዙሪክ ኢ ቲ ኤች ቡድን ያመጣው ስልት የብዙዎች መማሪያ ሆኗል፦ መኪናው የመጀመሪያውን ዙር በዝግታ እየሄደ የኮኖቹን ካርታ ይሠራል፣ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ መንገዱን በሙሉ ስለሚያውቀው ወደ ፊት ያሉትን ጥቂት ሴኮንዶች እያሰላ በአቅሙ ጥግ ይነዳል። ይህ ቡድን የኮኑን ቀለም ለመለየት ካሜራ ብቻ አላስፈለገውም፤ በሰማያዊው ኮን ላይ ያለው ነጭ መቀነትና በቢጫው ላይ ያለው ጥቁር መቀነት የሌዘሩን ጨረር የሚመልሱበት ብርታት ስለሚለያይ ላይዳሩ ራሱ ቀለሙን እንዲገምት አድርጎታል።

በዚህ ውድድር ከሁሉም የሚያስመሰግነው ግን ብልሃቱ ሳይሆን የፍሬኑ ደንብ ነው። የአደጋ ጊዜ ፍሬኑ ኃይል ቀድሞ ተጠራቅሞለት የሚጠብቅ ሆኖ፣ ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ፣ ሽቦ ሲነቀል ወይም ሜዳው ዳር የቆመው ሰው በእጁ ያለውን የርቀት ማቆሚያ ሲጫን በራሱ እንዲይዝ ግድ ነው። ማለትም መኪናው ለመሄድ ሁሉ ነገር መሟላት አለበት፣ ለመቆም ግን ምንም አያስፈልገውም። ብዙ ቡድኖች ፈጣን ሶፍትዌር ይዘው ቀርበው ይህን የምርመራ ጣቢያ ባለማለፋቸው ከሜዳው ሳይገቡ ይመለሳሉ፤ ተማሪዎቹ ሊያማርሩ ቢችሉም ከዚህ የተሻለ ትምህርት በክፍል ውስጥ ማግኘት ይከብዳል። በሌላ በኩል ኮን የሚለየው ዐይን ከኮን በቀር ሌላ ነገር አለማወቁ የዚህ መድረክ ድክመት ነው፤ በዚህ ዓለም ውስጥ ኳስ ተከትሎ የሚሮጥ ልጅ የለም።

የገንዘብና የቦታ ጉዳይ ብዙዎችን ወደ ትንንሽ መኪኖች መርቷል። የብራውንሽቫይግ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ከ2008 ጀምሮ ያዘጋጅ በነበረው ካሮሎ ካፕ የእውነተኛው መኪና አንድ አሥረኛ የሚያክሉ ሞዴሎች አዳራሽ ውስጥ በተሰመረ መንገድ ይሄዱ፣ መሰናክል ያልፉ፣ በጠባብ ቦታም ያቆሙ ነበር። በ2016 ከፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ የተነሣው ኤፍ ዋን ቴንዝ በዚሁ መጠን ፍጥነትን ያስቀድማል። በዚያው ዓመት በኤም አይ ቲ የተፈጠረው ዳኪታውን ግን ለዚህ ዳሰሳ ጥያቄ ያልተጠበቀ መልስ ይሰጣል፤ በዚህች ትንሽ የመጫወቻ ከተማ አንድ ካሜራ ያላቸው ሮቦቶች የሚዞሩ ሲሆን ነዋሪዎቿ ቢጫ የጎማ ዳክዬዎች ናቸው፣ ከፈተናዎቹም አንዱ መንገድ ላይ የቆሙትን ዳክዬዎች ሳይገጩ ማለፍ ነው። በቪክተርቪል ከደንቡ የተወገደው እግረኛ በዳክዬ መልክ ተመለሰ ቢባል ቀልድ አይሆንም።

በሌላው ጫፍ ፍጥነት ይገኛል። በኦክቶበር 23 ቀን 2021 በኢንዲያናፖሊስ የእሽቅድምድም ሜዳ የሙኒክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በሁለት ዙር በአማካይ ወደ 219 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነድቶ የ1 ሚሊዮን ዶላሩን ሽልማት ወሰደ፤ ሁሉም ቡድኖች የተጠቀሙት ዳላራ የሠራውን አንድ ዓይነት መኪና ስለነበር ልዩነቱ በሶፍትዌር ብቻ ተወሰነ። ይህ ለተመልካች ግልጽ ለዳኛም ፍትሐዊ ነው፣ ነገር ግን ተማሪው ቡሎን አላጠበቀም፣ የፍሬን ቱቦ አልዘረጋም። በኤፕሪል 2024 በአቡ ዳቢ ያስ ማሪና በተካሄደው ሌላ ውድድርም የሙኒኩ ቡድን ሲያሸንፍ የዓለም መነጋገሪያ የሆነው ድሉ አልነበረም፤ ከፊት የነበረ መኪና ሲቆም ቢጫ ባንዲራ ተነሣ፣ በቢጫ ባንዲራ መቅደም ክልክል በመሆኑ ከኋላ የመጡት መኪኖች ሕጉን እንደ ተጻፈ አክብረው ከቆመው መኪና ኋላ ቆሙ። ሰው ሹፌር እንዲህ ባለ ጊዜ ሕጉ የወጣበትን ምክንያት ያስባል። መኪናው የሚያውቀው የተጻፈውን ብቻ ነው፤ ደንብ ጸሐፊው ያልጻፈውን መኪና አይፈጽመውም።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ጉዳዩ ከዚህ በኋላ ሩቅ አይደለም። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹም ዜብራ ባልተቀባበት ወይም ተቀብቶ በማይከበርበት ቦታ የሚሻገሩ ናቸው። ትንንሾቹ መኪኖች ከትልልቆቹ በእጅጉ የረከሱ፣ ሶፍትዌራቸውም በአብዛኛው በነጻ የሚገኝ በመሆኑ በአንድ የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ውስጥ የምትስተናገድ የሞዴል መኪና ውድድር ከአቅም በላይ አትሆንም። እንዲህ ያለውን ውድድር የሚያስቡ መምህራን የሆክንሃይምን ደንብ ቃል በቃል ከመቅዳት ይልቅ የመጀመሪያውን አንቀጽ ራሳቸው ቢጽፉት፣ በዚያም አንቀጽ ውስጥ ከኮኑ በፊት ሸክም ይዞ ከማቋረጫ ውጭ የሚሻገር ሰው ቢያስገቡ፣ እርሱን አይታ የቆመችውን መኪናም ከፈጣኟ በላይ ነጥብ ቢሰጧት መልካም ነው።